«እኔ በጆሮ ነው የሚገባኝ» ለምትሉ፦ የሚሆናችሁን አጠናን እንዴት ታገኙታላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ መስከረም በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። «ቲቸር፣ እኔ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ስሰማ ነው የሚገባኝ።» ሌላዋ ትቀጥላለች፦ «እኔ ደግሞ ካልጻፍኩ አይገባኝም።» ሦስተኛው ምንም አይልም፣ ወንበሩን ያወዛውዛል። ስለ እሱ እናቱ ናቸው የሚናገሩት። «ይሄ ልጅ ቁጭ ብሎ መማር አይችልም፤ እጁ ሥራ ይፈልጋል።»

ድሮ ይህን ሁሉ እንዳለ እቀበል ነበር። እንዲያውም ከኢንተርኔት ያወረድኩትን መጠይቅ አባዝቼ አስሞላና ልጆቹን «የዓይን»፣ «የጆሮ»፣ «የእጅ» ብዬ በሦስት ረድፍ አስቀምጥ ነበር። ዘመናዊ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ።

አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው ነገሬን ያፈረሰብኝ። መጠይቁ «የጆሮ» አለው። እኔም ባዮሎጂውን በድምፅ እየቀዳሁ በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለት ወር ሙሉ ደስ ብሎት ሰማ። ሞዴል ፈተና ላይ ወደቀ። ወረቀቱን ይዘን ቁጭ አልንና ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ጠየቅሁት። አብዛኛውን መለሰው! ነገሩ ያኔ ገባኝ። እኔ የማስረዳው በአማርኛ ነው፣ መጽሐፉና ፈተናው በእንግሊዝኛ። ልጁ የጆሮ ተማሪ አልነበረም። የአማርኛ ተማሪ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። አሁን ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራው እንዲህ ነው።

እርምጃ 1፦ ለሦስት ቀን ራሳችሁን ሰልሉ

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት አሁን እንዴት እንደምታጠኑ እወቁ። አንድ ወረቀት ውሰዱና አራት ዓምድ አስምሩበት። በመጀመሪያው ሰዓቱን፣ በሁለተኛው የትምህርቱን ዓይነት፣ በሦስተኛው ያደረጋችሁትን፣ በአራተኛው በማግስቱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቀረውን ትጽፋላችሁ።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አጠናሁ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። «ገጽ 40ን ሁለቴ አነበብኩ»፣ «የጓደኛዬን ሾርት ኖት ገለበጥኩ»፣ «ዩቲዩብ ላይ 20 ደቂቃ ፊዚክስ አየሁ፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ኳስ አየሁ» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ከእናንተ ሌላ ማንም አያየውም።

ዋናው አራተኛው ዓምድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደብተር ሳትገልጡ ከትናንቱ የቀረላችሁን በሦስት መስመር ጻፉ። ባዶ ከሆነ ባዶውን ተዉት። አንዷ ተማሪዬ የባዮሎጂ መጽሐፏን በቢጫ ማድመቂያ ስታሰምር ስታሰምር የመስከረም መስክ አስመስላው ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር አደይ አበባ። አራተኛው ዓምዷ ግን ሦስቱንም ቀን ባዶ ነበር። ተናዳ ነበር ያሳየችኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ከየት እንደምንጀምር አወቅን።

እርምጃ 2፦ መጠይቁን ሙሉ፤ ለራሳችሁ ግን ስም አታውጡ

መጠይቅ ደስ የሚላችሁ ከሆነ ሙሉ። በጣም የታወቀው ኒል ፍሌሚንግ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ያዘጋጀው ነው። ሰውየው የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ነበር። ጎበዝ አስተማሪ እያስተማራቸው የማይገባቸው፣ ደካማ አስተማሪ እያስተማራቸው ደግሞ የሚገባቸው ልጆች ሲያይ ገረመው። በ1987 እ.ኤ.አ. አራት መንገዶችን ለይቶ አወጣ፦ በሥዕላዊ መግለጫና በካርታ፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በተግባር። የአራቱ የእንግሊዝኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው «ቫርክ» ይባላል።

ጥያቄዎቹ «መንገድ ሲጠፋብህ ሰው በቃል ቢያስረዳህ ትመርጣለህ ወይስ ካርታ ቢስልልህ?» ዓይነት ናቸው። (ባሕር ዳር ላይ መልሱ ቀላል ነው። ባጃጅ ትይዛለህ።)

ልብ በሉ፤ መጠይቁ የሚነግራችሁ ምርጫችሁን ነው። ደስ የሚላችሁን ማለት ነው። የሚጠቅማችሁን አይነግራችሁም። እኔ ዘይት የጠገበ የዓሣ ጥብስ ደስ ይለኛል። ሐኪሜ በዚህ አይስማማም።

«እያንዳንዱ ሰው የራሱ የመማር ስልት አለው» የሚለው ወሬ በዓለም ላይ በጣም ተሰራጭቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ አንድ ግምገማ 71 ዓይነት የመማር ስልት ሞዴሎችን ቆጥሯል። ሰባ አንድ! አራት አምስት ቢሆን ግድ የለም። ሰው በ71 መንገድ ተከፋፍሎ ሲያበቃ የትኛውን ይዘን ክፍል እንግባ?

በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቀጥተኛውን ጥያቄ አነሳ። ተማሪው በሚመርጠው መንገድ ሲማር ውጤቱ በእርግጥ ይሻሻላል? ይህን ለማወቅ «የዓይን» እና «የጆሮ» የተባሉትን ልጆች ለየብቻ ይዞ፣ የእያንዳንዱን ቡድን ግማሽ በሥዕል፣ ግማሹን በንግግር አስተምሮ፣ ሁሉንም በአንድ ፈተና መፈተን ያስፈልጋል። የዓይኖቹ በሥዕል፣ የጆሮዎቹ በንግግር ከበለጡ ነገሩ እውነት ነው። እነ ፓሽለር እስከዚያ የተጻፈውን ቢያገላብጡ በዚህ መልክ በአግባቡ የተሠራ ጥናት እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኙት። ከጥቂቶቹም ሐሳቡን የሚያፈርሱ ነበሩበት። ስለዚህ ትምህርትን በዚህ መንገድ ለማደራጀት በቂ ማስረጃ የለም ብለው ደመደሙ።

«ታዲያ ሰው ሁሉ አንድ ነው?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ልዩነት አለ፤ ያለው ግን ብዙ ጊዜ እኛ የምንፈልገው ቦታ ላይ አይደለም። የሚቀጥለው እርምጃ ስለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

እርምጃ 3፦ «ለምን?» ብላችሁ ምክንያቱን አሳድዱ

«ማንበብ አይገባኝም» ለሚለው አራት ምክንያት ፈልጉለት።

አንደኛው ቋንቋ ነው። እኛ ዘንድ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ አስተማሪው ግን እየቀላቀለ ያስረዳል። ስለዚህ «ስሰማ ይገባኛል» የሚል ልጅ ስታገኙ ቶሎ አትመኑት። ቀላል ፈተና አለው። ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ምረጡ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንብቡለትና ምን እንደገባው ጠይቁት። ቀጥሎ የዚያኑ አንቀጽ የአማርኛ ትርጉም በወረቀት ስጡትና ድምፅ ሳያወጣ ያንብብ። እንግሊዝኛውን ሰምቶ ካልገባው፣ አማርኛውን አንብቦ ከገባው፣ ጆሮና ዓይን ከደሙ ነጻ ናቸው።

መፍትሔውም ያው ቋንቋው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቃል መዝግቡ። ግራው ላይ እንግሊዝኛው፣ ቀኙ ላይ በራሳችሁ አማርኛ። የሳይንስ ቃላቱን ብቻ እንዳትይዙ። ኦስሞሲስን ሁሉም ይሸመድደዋል። ልጆቹን የሚጥላቸው የጥያቄው ቋንቋ ነው። «ኤክሴፕት» የምትለዋ አንዲት ቃል ስንት ማርክ እንደበላች እኔ ነኝ የማውቀው! ጥያቄው «ከእነዚህ ውስጥ ልክ ያልሆነው የቱ ነው» እያለ ልጁ ልክ የሆነውን አክብቦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምዕራፉን መጀመሪያ በአማርኛ ለጓደኛችሁ አስረዱ። ሲሳካላችሁ እንደገና በእንግሊዝኛ፣ በተሰባበረም ቢሆን።

ሁለተኛው ዓይንና ጆሮ ነው። እዚህ ላይ የምለው ስለ ምርጫ ሳይሆን ስለ ጤና ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን እያጨነቆረ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ «የጆሮ ተማሪ» ተብሎ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል። የሚያስፈልገው መነጽር ነው። አንዱ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅም «ሥዕል ይወዳል» ይባላል። የዓይን ምርመራ ከማንኛውም መጠይቅ ይቀድማል። እስከዚያው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት።

ሦስተኛው መሠረት ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ የኬሚስትሪ ሞል ስሌት በሥዕልም በዘፈንም ብታቀርቡለት አይገባውም። ወደኋላ ተመልሳችሁ የጎደለውን ሙሉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አቋራጭ ግን አላገኘሁለትም።

አራተኛው እንቅልፍና ስልክ ነው። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ እናቶቻችሁ በቂ ብለዋል።

እርምጃ 4፦ ራሳችሁን ትታችሁ ትምህርቱን ጠይቁት

«እኔ በምን ይገባኛል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። «ይህ ነገር በምን ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለዚህ ከጣና ዳር መራቅ አያስፈልግም። ታንኳ መሥራት በወሬ አይገባም። ደንገሉ የቱ ጋ መጥበቅ፣ የቱ ጋ መላላት እንዳለበት የሚያውቀው ያሠረው እጅ ነው። ዜማ ደግሞ በዓይን አይገባም። ምልክቱ ከቃሉ በላይ ተጽፎ ቁልጭ ብሎ ቢታይም መሪጌታው አዚመው ካላሰሙ ምልክቱ ዝም ነው። የሐይቁን ቅርፅ ደግሞ ለማያውቅ ሰው በስልክ ለማስረዳት ሞክሩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀት ያምራችኋል። ታንኳ ሠሪው «የእጅ»፣ መሪጌታው «የጆሮ» ሆነው ስለተወለዱ አይደለም። ሙያው ነው መንገዱን የመረጠላቸው።

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ ያውቀዋል። ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ፊደል ላልቆጠረ ምእመን መጽሐፉ ያ ግድግዳ ነበር። ግን ማንም ብቻውን ቆሞ አይረዳውም። አንድ አባት በዘንግ እየጠቆሙ ይተርካሉ። ዓይንና ጆሮ አብረው ይሠራሉ። ስታጠኑም እንዲሁ አድርጉ፤ ሥዕሉን እያያችሁ ራሳችሁ ተርኩት።

ወደ ትምህርቶቹ እንምጣ።

ሒሳብና ፊዚክስ በእጅ ነው። ቪዲዮ ላይ ሲሠራ ማየት መሥራት አይደለም። አንድ የተሠራ ምሳሌ ተከታተሉ፣ ሸፍኑት፣ ከባዶ ወረቀት ራሳችሁ ሥሩት። የተጣበቃችሁበትን መስመር ብቻ ገልጣችሁ እዩና እንደገና ሸፍኑት።

ባዮሎጂ ሥዕልና ትረካ ይፈልጋል። ልብን ውሰዱ። ሥዕሉን ሁለት ደቂቃ እዩና መጽሐፉን ዝጉ። አራት ክፍል ያለው ሳጥን ሳሉ። ከዚያ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ ደሙን አጓጉዙት፦ ከሰውነት ወደ ቀኝ አትሪየም፣ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል፣ ወደ ሳንባ፣ ተመልሶ ወደ ግራ አትሪየም፣ ወደ ግራ ቬንትሪክል፣ ወደ ሰውነት። ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የተደናቀፋችሁበት ቦታ ነው የማታውቁት ቦታ።

ታሪክ መስመር ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ ገመድ ዘርጉና ወረቀት አንጠልጥሉ። ቴዎድሮስ 1847፣ ዮሐንስ 1864፣ ምኒልክ 1882፣ አድዋ 1888። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍ ከሥሩ ሁለተኛውን ዓመት ጨምሩ፦ 1855፣ 1872፣ 1889፣ 1896። ልዩነቱ አንዴ ስምንት፣ አንዴ ሰባት የሚሆነው ዘመን መለወጫችን ከፈረንጁ ጋር ስለማይገጥም ነው። ብዙ ተማሪ ታሪኩን እያወቀ በዚህ ይሳሳታል።

እንግሊዝኛ በጆሮና በአፍ ነው፤ አፍ ካልተከፈተ ጆሮ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ኬሚስትሪ እንደ ምዕራፉ ነው፤ ግማሹ ሒሳብ፣ ግማሹ ሥዕል።

እርምጃ 5፦ የሁለት ሳምንት ሙከራ

እስካሁን ያልኩትን አትመኑኝ። ፈትሹት። ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ አንዱንም አትዝለሉ።

ከአንድ ትምህርት ገና ያልተማራችኋቸውን፣ በክብደት የሚቀራረቡ ሁለት ርዕሶች ምረጡ። ከማጥናታችሁ በፊት ጓደኛችሁ ለእያንዳንዱ ርዕስ አሥር አሥር ጥያቄ ከወርክሺት ወይም ከድሮ ፈተና ያውጣ። እናንተ አታዩትም። በፖስታ ይቆይ።

የመጀመሪያውን ርዕስ በምትወዱት መንገድ አጥኑ። መስማት ከሆነ መስማት፣ ማስመር ከሆነ ማስመር። ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ቀን።

ሁለተኛውን ርዕስም ሦስት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ አጥኑ፤ መንገዱን ግን ቀይሩ። አሥር ደቂቃ አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ የምታስታውሱትን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ ዘርግፉ፣ ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ሰዓቱ እኩል መሆኑ ግዴታ ነው። የሚወዱትን አንድ ሰዓት፣ የማይወዱትን ሁለት ሰዓት አጥንቶ ማወዳደር ሚዛን ላይ ጣት ማስቀመጥ ነው።

እንደጨረሳችሁ «በዚህ ርዕስ ከአሥር ስንት አመጣለሁ?» ብላችሁ ግምታችሁን ጻፉ። ለሁለቱም። ከዚያ ሰባት ቀን አትንኩት።

በሰባተኛው ቀን ፖስታውን ክፈቱና ተፈተኑ። ግምታችሁንና ውጤታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የማድመቂያዋ ልጅ በምትወደው መንገድ ላጠናችው ዘጠኝ ገምታ አራት አመጣች። በጠላችው መንገድ ላጠናችው አምስት ገምታ ሰባት። ደጋግማችሁ ስታነቡ ጽሑፉ ዓይን ይለምደዋል፣ መልመዱ ደግሞ ማወቅ ይመስላል። መጽሐፍ ዘግቶ መጻፍ ግን አለማወቃችሁን ፊታችሁ ላይ ይነግራችኋል። ያሳፍራል፤ ስለዚህ አንወደውም።

«ለምን ሰባት ቀን?» ለሚል፦ በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሶቹ ደግመው አነበቡ፣ ገሚሶቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። በዚያው ቀን ብትፈተኑ ራሳችሁን ታታልላላችሁ ማለት ነው።

በአንድ ዙር አትደምድሙ፤ አንዱ ርዕስ ቀልሎ ሊሆን ይችላል። በሌሎች ሁለት ርዕሶች ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ድገሙት። ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ከመጣ ያዙት። ውጤቱ እኔ ካልኩት ተቃራኒ ከሆነም ውጤታችሁን እመኑ እንጂ እኔን አትመኑ።

እርምጃ 6፦ መጽሐፉን ዝጉ፣ ቀናቱን አራርቁ

ሙከራው አብዛኛውን ሰው ወደ ሁለት ልማድ ይመልሰዋል። ከማስታወስ መማር አንዱ ነው፣ አራርቆ መከለስ ሌላው።

ይህ ከፈረንጅ የመጣ ለሚመስለው የጎጃምን የኔታዎች ላስታውሰው። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ቀን ከፊደል ገበታው ይማራል። ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። ጨለማ ነው፣ መጽሐፍ የለም፤ ያለው የሰማውን መልሶ ማለት ብቻ ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ የባሰ ነው። የኔታ ቅኔ ነግረው ምሥጢሩንና አገባቡን ያፍታታሉ። ተማሪው ግን ያንን ሸምድዶ አያልፍም። ለብቻው ዛፍ ሥር ገብቶ የራሱን ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ የኔታ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ጀምሮ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ማንም «አንተ የጆሮ ነህ፣ ቆጠራው ይቅርብህ» አይለውም።

እንግዲህ እናንተ የተማራችሁትን በዚያው ማታ ሳታዩ ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቁጥሩ ቅዱስ አይደለም፤ መራራቁ ነው ቁም ነገሩ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ትርጉም የሌላቸው ቃላት በራሱ ላይ ሞክሮ መርሳት መጀመሪያ ላይ እንደሚፈጥን፣ ክለሳን በቀናት መከፋፈል ደግሞ በአንድ ቀን ከመጨናነቅ እንደሚሻል አሳይቷል። ለፈተና ሦስት ቀን ሲቀር መቸከል ለምን ቶሎ እንደሚተን አሁን ይገባችኋል።

ስለ ቦታና ሰዓት ጥቂት ልበል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ቀትር ጭንቅላት ያፈዛል፤ ከባዱን ትምህርት ጠዋት ጨርሱት። ትንንሽ ካርድ ይዛችሁ ማለዳ ሐይቅ ዳር በእግር መሄድ ደስ ይላል፤ ጥያቄው ከፊት፣ መልሱ ከጀርባ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትበሳጩ፤ የቃል ትምህርት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው።

በቡድን ስታጠኑ ምዕራፍ አትከፋፈሉ። አምስት ሆናችሁ አምስት ምዕራፍ ብትከፋፈሉ እያንዳንዳችሁ የምታውቁት አንድ ነው፤ ሌላውን የሰማችሁት ብቻ ነው። ሁሉም ሁሉን አጥንቶ ይምጣ። ስትገናኙ መጠያየቅ ብቻ።

እርምጃ 7፦ ለምታስተምሩ

ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ «ስታይል» ትምህርት ማዘጋጀት አይቻልም። ጥሩነቱ፣ አያስፈልግምም። አንዱን ነገር በብዙ በር ለሁሉም አስገቡት።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ርዕሱ ለምን አንዳንድ ነገር ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱ ይሰምጣል የሚለው ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። አንድ ሳፋ ውኃ፣ የደንገል ቁራጭ፣ ጠጠር፣ ምስማር ይዛችሁ ግቡ።

በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ምንም አታስረዱ። እያንዳንዱን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩና «ይሰምጣል የምትሉ እጅ አውጡ» በሉ። ሳይገምቱ ማሳየት ግማሹን ትምህርት ማባከን ነው። ከዚያ ጨምሩት። ምስማሩ ከደንገሉ ያንሳል፣ ግን ሰመጠ። «ትልቅ ነገር ይሰምጣል» ያለው ልጅ እዚህ ጋ ነው የሚነቃው።

ቀጥሎ አስረዱ። የደንገል ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ አየር ቋጥሯል። ስለዚህ ከራሱ ጋር እኩል ቦታ ከሚይዝ ውኃ ይቀላል። ውኃ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ የቀለለ ይንሳፈፋል፣ የከበደ ይሰምጣል። ሰሌዳው ላይ ታንኳ ሳሉ፣ ወደ ታች የክብደቱን፣ ወደ ላይ የውኃውን ግፊት ቀስት አድርጉ። አሁን ቀመሩን ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ፦ «ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው ለምንድን ነው?» ደንገሉ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ራሳቸው ይደርሱበታል።

የመጨረሻው አምስት ደቂቃ የእናንተ አይደለም። ደብተር ይዘጋል። ሁሉም በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጽፋል፤ ምን ተማርን፣ ለምን፣ ምን አልገባኝም። ስልሳውን ወረቀት ማረም የለባችሁም። ሻይ እየጠጣችሁ አሥሩን አንብቡ፤ የነገውን ትምህርት ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።

ለወላጆች አንድ ነገር ብቻ። ልጁ ፊት «የእኔ ልጅ ማንበብ አይሆንለትም» አትበሉ። የተባለውን ሆኖ ያድጋል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል «ምንም» የሚል ከሆነ፣ «እስቲ እኔን አስተምረኝ» በሉት። ባይገባችሁ እንኳ አዳምጡ። እንዲያውም ባይገባችሁ ይሻላል፤ እናንተን ለማስረዳት ሲል ራሱ ይገባዋል።

የክረምት ማጠናከሪያ የምታስተምሩ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያችሁን አስቡበት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ጉሮሮ ማድረቅ ትርፉ ድካም ነው። እኔ ያን ጊዜ ጠመኔ አንሥቼ አምስት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ልጆቹ በዝምታ ይመልሳሉ፣ ወረቀት ይለዋወጣሉ፣ ይተራረማሉ። ሲያባራ እንነጋገርበታለን። «የጆሮ ነኝ» ያለውም አብሮ ይጽፋል።